መዶሻውና መጻሕፍቱ፦ የጆን ዋልተር ግሪጎሪ የስምጥ ሸለቆ ጥናት ሲመዘን

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ሳይማር የሚያልፍ ተማሪ የለም። «ስምጥ ሸለቆ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅም፣ «በሁለት ትይዩ የምድር ስብራቶች መካከል ያለው መሬት ወደ ታች ሲሰምጥ የሚፈጠር ረጅም ሸለቆ ነው» ብሎ ይጽፋል። መምህሩም የ«ትክክል» ምልክቱን አኑሮ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሻገራል። መልሱ ልክ ነው። ዳሩ ግን ይህን ማን አወቀው? በምንስ አወቀው? የሚሉት ጥያቄዎች በፈተና ወረቀት ላይ ስለማይወጡ በክፍል ውስጥም አይነሱም።

እኔም በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ጂኦግራፊ ሳስተምር ዓመታት ያለፉት በዚሁ ዓይነት ነው። ጉድለቴን ያወቅሁት ናይሮቢ ነው። ለአጭር ጊዜ ትምህርት ወደዚያ ከተማ ሄጄ በቆየሁባቸው ወራት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በኢስትሊ ሰፈር የሚኖሩ የጥቂት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችን ልጆች አስጠና ነበር። አንድ ቀን ልጆቹን ይዤ ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ በሚወስደው መንገድ ሊሙሩን አልፈን፣ መሬቱ ድንገት ከእግር በታች ከሚከዳበት ገደል አፋፍ ላይ ቆምን። ከታች በሰፊው ሜዳ መካከል የሎንጎኖት እሳተ ገሞራ ጉብ ብሎ ይታያል፤ ከማዶ የማው ገደል በጭጋግ ውስጥ እንደ ግድግዳ ተዘርግቷል። እኔም የለመድሁትን ትርጉም ደገምሁላቸው። ይኼኔ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጋሼ፣ የዓባይን ሸለቆ የቆረጠው ወንዝ ነው ብለውን ነበር። ይኼኛውንስ ወንዝ እንዳልቆረጠው በምን ታወቀ?» አለችኝ።

«መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። መልሱን ፍለጋ የመጀመሪያውን ምስክር የጆን ዋልተር ግሪጎሪን መጻሕፍት ለማንበብ ተነሣሁ። ይህ ሂስ የዚያ ንባብ ውጤት ነው። ዓላማው ሰውየውን ማወደስ ወይም መክሰስ ሳይሆን፣ ከሥራው ውስጥ ምኑ እንደጸና፣ ምኑ እንደወደቀ፣ ለምንስ እንደሆነ መመርመር ነው። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየውና ዘመኑ

ግሪጎሪ በ1864 በለንደን ከሱፍ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ በሱፍ ሽያጭ ሥራ ላይ በጸሐፊነት ተቀጠረ። ሳይንስን የተማረው ቀን እየሠራ በማታ ትምህርት ነው። የማታ ተማሪዎች የምናስተምር መምህራን ይህን ልብ ልንለው ይገባል። በ1887 በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በረዳትነት ገባ፤ በኋላም በአውስትራሊያ ሜልቦርን፣ ከዚያም ከ1904 እስከ 1929 በስኮትላንድ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። ጡረታ ከወጣ በኋላም ከጉዞ አላረፈም። በ1932 በ68 ዓመቱ ፔሩ ውስጥ ለጥናት ሲጓዝ በኡሩባምባ ወንዝ ሰጥሞ ሞተ።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንዲመጣ ያደረገው የሌላ ሊቅ ሐሳብ ነው። ሁለቱ አውሮፓውያን ተጓዦች ቴሌኪና ፎን ሄነል በ1888 ዛሬ ቱርካና እስከምንለው ሐይቅ ደርሰው ነበር። የቪየናው የጂኦሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ዙስ ከእነርሱ ጉዞ የተገኘውን መረጃ መሠረት አድርጎ፣ በ1891 የምሥራቅ አፍሪካ ሸለቆዎች የታላላቅ የምድር ስብራቶች ውጤት ናቸው ሲል ጻፈ። ዙስ ግን አገሩን በዓይኑ አላየም። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ በቦታው ተገኝቶ ድንጋዩን የሚጠይቅለት ሰው ግን ያስፈልገው ነበር።

ግሪጎሪ ይህን ለማድረግ በመጀመሪያ ከአንድ ትልቅ የጉዞ ቡድን ጋር ተቀላቀለ። ቡድኑ ብዙ ሳይራመድ ተበተነ። ሌላው ሰው ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር፤ እርሱ ግን ወደ 40 የሚጠጉ ተሸካሚዎች ቀጥሮ፣ በመጋቢት 1893 ከሞምባሳ ተነሣ። አምስት ወር ያህል በእግሩ ተጉዞ የባሪንጎን ሐይቅና የኬንያን ተራራ አየ። ያን ጊዜ ናይሮቢ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1899 በባቡር ሐዲድ ሥራ ጣቢያነት ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ፦ በመዶሻ የተገኘ ማስረጃ

«ታላቁ ስምጥ ሸለቆ» የተባለው መጽሐፉ በ1896 ለንደን ውስጥ ታተመ። ዛሬ በየቋንቋው የምንጠቀምበት «ስምጥ ሸለቆ» የሚለው ስያሜ የተስፋፋው በዚህ ሰው ጽሑፎች ነው። የኬንያው ክፍል እስካሁን በጂኦሎጂስቶች ዘንድ «የግሪጎሪ ስምጥ ሸለቆ» ይባላል። መጽሐፉ ከፊሉ የጉዞ ትረካ ሲሆን፣ ከፊሉ ስለ አገሩ ድንጋይ፣ ዕፅዋት፣ እንስሳትና ሕዝብ የሚናገር ነው።

የመጽሐፉ ልብ በእኔ ግምት ባሪንጎ ሐይቅ አጠገብ ነው። ግሪጎሪ በዚያ ካማሲያ ይባሉ በነበሩት፣ ዛሬ የቱገን ኮረብታዎች በሚባሉት ቦታዎች ላይ እየወጣና እየወረደ አለቶቹን በመዶሻ እየሰበረ ሰበሰበ፤ ንብርብራቸውንም በቅደም ተከተል መዘገበ። ከዚያም ከሸለቆው ግድግዳ አለቶች ጋር አስተያየ። በሸለቆው ውስጥ ዝቅ ብሎ የሚገኘው አለት በአፋፉ ላይ ከሚገኘው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አየ። የልጅቱ ጥያቄ መልስ ይህ ነው።

ነገሩን ለማብራራት አንድ ዳቦ እናስብ። ዳቦው ከላይ ቡናማ ቅርፊት፣ ከውስጥ ነጭ ልብ አለው። አንድ ሰው መካከሉን በቢላዋ ፈልፍሎ ቢያወጣ፣ ከጉድጓዱ ወለል ላይ የሚታየው ነጩ ልብ ብቻ ነው፤ ቅርፊቱ ተቆርጦ ሄዷል። ወንዝ የቆረጠው ሸለቆም እንዲሁ ነው። በዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ከላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ አለት ትቶ ወደ ኖራ ድንጋይና ወደ አሸዋ ድንጋይ ይገባል፤ በወረደ ቁጥር የሚያገኘው በዕድሜ የጠና አለት ነው። በሌላ በኩል ዳቦው መካከሉ ላይ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ የመካከሉ ቁራጭ ወደ ታች ቢሰምጥ፣ ቡናማው ቅርፊት ከጉድጓዱ ወለል ላይ ይገኛል። ግሪጎሪ ያገኘው ይህን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ መሬቱ እንደ አንድ ቁራጭ ሆኖ ሰመጠ፤ በግራና በቀኝ ያለው ግን ከፍ ብሎ ቀረ ሲል ደመደመ።

ተማሪ በካርታ ብቻ ሊያገኘው የሚችል ተጨማሪ ማስረጃም አለ። ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ ወለሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘቀዝቃል፤ ውሃው መውጫ ይፈልጋልና። የኬንያን ስምጥ ሸለቆ ወለል ብንከተል ግን፣ ናይቫሻ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,880 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከእርሱ ወደ ሰሜን ባሪንጎ ወደ 970 ሜትር፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ማጋዲ ወደ 600 ሜትር ይወርዳሉ። መካከሉ ጉብ ብሎ ሁለቱም ወገን ያዘቀዘቀ ሸለቆ በአንድ ወንዝ ሊቆረጥ አይችልም። በእኛም አገር ዝዋይን ከአባያና ከጫሞ፣ እንዲሁም ከአዋሽ መጨረሻ ከአቤ ሐይቅ ጋር በከፍታ ብናስተያይ ያው ታሪክ ይደገማል።

ግሪጎሪ በኬንያ ተራራም ላይ በዚሁ ዘዴ ሠርቷል። የበረዶ ግግሮቹን ደርሶ ካየ በኋላ፣ ከእነርሱ እጅግ ዝቅ ባሉ ሥፍራዎች ግግር በረዶ ብቻ ሊያከማቸው የሚችል የድንጋይ ክምር አገኘ። ከዚህም ግግሮቹ ቀድሞ ከዚያ ይልቅ ሰፊ እንደነበሩ ተረዳ። እዚያም እዚህም ያደረገው አንድ ነው፤ ከሚታየው ምልክት ተነሥቶ ወደማይታየው ታሪክ ሄደ። በዚህ ረገድ መጽሐፉ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎበትም ለመምህር ሕያው ነው።

መላ ምቱ የረዘመበት ቦታ

መጽሐፉ ጉድለትም አለው። ትልቁ ጉድለት ከማስረጃው በላይ መሮጡ ነው። ግሪጎሪ በአምስት ወር ጉዞ ያየው የኬንያን ጥቂት ክፍል ነው። ነገር ግን ዙስን ተከትሎ፣ ከሊባኖስና ከዮርዳኖስ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በኢትዮጵያ አድርጎ እስከ ደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል የሚዘልቀውን ሁሉ አንድ ዓይነት ሸለቆ አድርጎ አቀረበው። እኛም እስከ ዛሬ «ከዮርዳኖስ እስከ ሞዛምቢክ» እያልን እናስተምራለን። በካርታ ላይ መስመሩ እርግጥ ይታያል። የአፈጣጠሩ ሁኔታ ግን አንድ አይደለም። በሙት ባሕር በኩል ያለው ስብራት በዋናነት ሁለቱ ጎኖች ወደ ጎን እየተንሸራተቱ የሚተላለፉበት ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ የውቅያኖስ ወለል መፈጠር የጀመረበት ነው። የኢትዮጵያና የኬንያው ክፍል አህጉሩ እየተወጠረ የሚሳሳበት ነው። ሦስቱን በአንድ ስም ጠርቶ ማለፍ ለማስታወስ ይመቻል፤ ለማስተዋል ግን አይረዳም።

ሁለተኛው ጉድለት ምክንያቱን በተመለከተ ነው። መሬቱ መስመጡን ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ለምን እንደሰመጠ መናገር ሌላ ነገር ነው። ግሪጎሪ በኋለኛ ሥራው ይህን ሲያብራራ፣ ምድሩ መጀመሪያ እንደ ቅስት ወደ ላይ አበጠ፤ ቅስቱ ድጋፍ ሲያጣ መካከሉ ወደቀ የሚል ሐሳብ ይዞ ነበር። ይህንም ከሕንድ ውቅያኖስ ወለል መስመጥ ጋር አያይዞታል። መሬቱ ማበጡን ልክ ብሎ ነበር። አህጉሮች ራሳቸው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ የሚለውን ሐሳብ ግን የማብራሪያው መሠረት አላደረገውም። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ይህን ሐሳብ በ1912 ቢያቀርብም፣ የዘመኑ ጂኦሎጂስቶች አብዛኞቹ አልተቀበሉትም ነበር።

የሁለተኛው መጽሐፍና የተከተለው ክርክር

ግሪጎሪ በ1919 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ባቡር ነበረ፤ ናይሮቢም ከተማ ሆና ነበር። ከናይሮቢ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በኦሎርጌሳይሊ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎችን አስተዋለ። ይኸው ሥፍራ በ1942 በሜሪና በሉዊስ ሊኪ ተጠንቶ ስመ ጥር ሆነ። የዚህ ጉዞ ፍሬ የሆነው «የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆዎችና ጂኦሎጂ» በ1921 ታተመ። ይህ እንደ መጀመሪያው የጀብዱ ትረካ የለበትም፤ የአለቶቹን ዓይነትና ተራ የሚዘረዝር የባለሙያ መጽሐፍ ነው። ለተማሪ ይከብዳል። ለመምህር ግን አንድ ጥሩ ነገር ያሳያል፤ ሰውየው ከ26 ዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ለመጠየቅ ወደዚያው ቦታ መመለሱን።

ጥያቄው ግን በእርሱ አልተዘጋም። አሜሪካዊው ቤይሊ ዊሊስ በ1929 ምሥራቅ አፍሪካን ጎብኝቶ፣ በ1936 ባሳተመው ሥራ ተቃራኒውን አስተማረ። በእርሱ አስተያየት ሸለቆው የተፈጠረው ምድር ስለተወጠረ ሳይሆን ስለተጨመቀ ነው፤ ግራና ቀኙ ወደ መካከል ተገፍቶ የመካከሉን መሬት ከሥሩ አምቆ ያዘው። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቡላርድ በምሥራቅ አፍሪካ የምድርን ስበት ለክቶ፣ በሸለቆዎቹ ላይ ስበቱ ከሚጠበቀው ያነሰ መሆኑን አሳየ። እርሱም ከዚህ ተነሥቶ ወደ መጨመቅ መላ ምት አዘነበለ። እንግዲህ መሣሪያ ይዞ የመጣውና በቁጥር የተናገረው ሊቅ በትርጓሜው ተሳሳተ፤ መዶሻ ብቻ የያዘው በመሠረቱ ልክ ነበር። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ከልኬቱ የተወሰደው ድምዳሜ ግን አልጸናም። «ቁጥር አይዋሽም» ለምንል መምህራን ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለቱን መላ ምቶች የሚለየው ምን እንደሆነ በሦስት እንጨት ማሳየት ይቻላል። መካከለኛው እንጨት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ እንዲሆን ሁለቱ ጎኖቹ በሰያፍ ይቆረጡ፤ የግራና የቀኙ እንጨቶችም ከእርሱ ጋር እንዲገጥሙ ሆነው ይቆረጡ። ሁለቱ የጎን እንጨቶች ሲሳቡ መካከለኛው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ይህ የመወጠር ስብራት ነው፤ የስብራቱ ገጽ ወደ ሸለቆው ውስጥ ያዘነብላል። አሁን ደግሞ መካከለኛውን እንጨት ገልብጠን ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ እናድርገው፤ የጎኖቹንም በዚያው ልክ እንገልብጥ። መካከለኛው ወደ ታች የሚሄደው ጎኖቹ ተገፍተው ላዩ ላይ ሲወጡበት ነው። ይህ የመጨመቅ ስብራት ነው። ስለዚህ ክርክሩን የሚፈታው የስብራቱ ገጽ ወዴት እንደሚያዘነብል ማየት ነው።

ምድርም ራሷ ምስክርነት ሰጥታለች። በጥር 6 ቀን 1928 በኬንያ ሱቡኪያ አካባቢ በሬክተር ስኬል 6.9 የሚገመት የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በላይኪፒያ ገደል ግርጌ 38 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስብራት በመሬት ገጽ ላይ ተከፈተ፤ ወደ ታች የወረደውም በሸለቆው በኩል ያለው ወገን ነው። ቆየት ብሎም የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያዎች ምሥራቅ አፍሪካ እየተወጠረ እንጂ እየተጨመቀ እንዳልሆነ አረጋገጡ። ከ1960ዎቹ ወዲህ፣ የምድር ቅርፊት በሚንቀሳቀሱ ትላልቅ ገበታዎች የተከፋፈለ ነው የሚለው የፕሌት ቴክቶኒክስ ትምህርት ሲጸና፣ የግሪጎሪ ሸለቆ አህጉር የሚከፈልበት መስመር ሆኖ ተገኘ።

ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ

እዚህ ላይ አንባቢ «የእኛስ ድርሻ የት አለ?» ቢል ተገቢ ነው። በ1972 ቤከር፣ ሞርና ዊልያምስ የተባሉ ሦስት ጂኦሎጂስቶች ስለ ምሥራቁ የአፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጂኦሎጂ አንድ ጠቅላላ ሥራ አሳተሙ። ቤከርና ዊልያምስ የኬንያውን ወገን ሲያውቁ፣ ፖል ሞር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረና ስለ ኢትዮጵያ ጂኦሎጂ የጻፈ ነበር። በዚህ ሥራ የናይሮቢና የአዲስ አበባ እውቀት ተጋጠመ። ግሪጎሪ በኬንያ አይቶ ወደ ሰሜን በግምት የዘረጋው መስመር ሰሜናዊው ጫፉ ላይ በቆሙ ሰዎች ተፈተሸ።

ሌላው ሥራ የፒየር ጉዌን ነው። ይህ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን መሥርቶ ለብዙ ዓመት መርቷል። በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጣ። የነሐሴ 1906 ታላቅ መንቀጥቀጥ፣ በ1961 ማጀቴንና ካራቆሬን ያፈረሰው፣ በ1969 ሰርዶን ያጠፋው ሁሉ በዚያ ተመዝግበዋል። የእርሱ ዘዴ ከመሣሪያ በፊት የነበረውን ዘመን ከዜና መዋዕሎችና ከተጓዦች ጽሑፍ መልቀም ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፣ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ለጦርነትና ለሹመት ታሪክ ብቻ ስናነብ፣ ጉዌን በብራናው ውስጥ የምድርን እንቅስቃሴ አነበበ። ግሪጎሪ ድንጋዩን እንደጠየቀ፣ እርሱ መጽሐፉን ጠየቀ።

ዛሬ ደግሞ በሳተላይት ልኬት እንደታወቀው፣ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሁለቱ ወገኖች በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ። በ30 ዓመት አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። በኬንያ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተካሄደ ጥናት፣ የምድር ቅርፊት ውፍረት በመካከለኛው ኬንያ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ ቱርካና ሲደርስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር እንደሚቀንስ ታውቋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ለብዙ ዘመን የተጠራቀመው በቀናት ውስጥ ይለቀቃል። በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ክፍል ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ብዙ ሰዎችም ከመኖሪያቸው እንዲነሡ አድርጓል። ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ አይደለም።

ጥንቃቄ የጎደለው ወሬም ያስከትላል። በመጋቢት 2018 ከናይሮቢ በማይ ማሂዩ በኩል በሚያልፈው መንገድ ላይ ሰፊ ስንጥቅ በተከፈተ ጊዜ፣ «አፍሪካ ለሁለት ልትከፈል ነው» የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። አያሌ ጂኦሎጂስቶች ግን፣ ከባድ ዝናብ ልል የሆነውን የእሳተ ገሞራ አመድ አጥቦ ቀድሞ የነበረ ክፍተትን እንደገለጠው አስረዱ። አህጉሩ መከፈሉ እውነት ነው፤ ያ ስንጥቅ ግን ማስረጃው አልነበረም። ግሪጎሪ ቆሞ ቢያየው ምን ባደረገ ነበር ብዬ ሳስብ፣ መጀመሪያ የግራና የቀኙን ንብርብር ያስተያይ ነበር እላለሁ። ንብርብሩ በሁለቱም ወገን በአንድ ከፍታ ላይ ከገጠመ፣ ውሃ ቆረጠው እንጂ አንዱ ወገን አልሰመጠም።

መዶሻውን ያስቀመጠበት መጽሐፍ

እስካሁን ስለ ድንጋይ ነው የተናገርነው። የግሪጎሪን ሥራ በሙሉ የሚመዝን ሰው ግን አንድ ሌላ መጽሐፉን ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም። በ1925 «የቀለም ስጋት» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ የሰው ዘሮች መቀላቀል እንደሌለባቸው፣ ተለያይተው ቢኖሩ እንደሚሻል ይከራከራል።

ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ያሰብሁት ከተማሪዎቼ ልደብቀው ነበር። በኋላ ግን መደበቁ ስህተት መሆኑን ተረዳሁ። ይህ ሰው በ1893 ሕይወቱን ለአምስት ወር በአፍሪካውያን ተሸካሚዎች እጅ አኑሮ የተጓዘ ነው። ምግቡን የያዙት፣ የሰበሰበውን ድንጋይ ተሸክመው ሞምባሳ ያደረሱት እነርሱ ናቸው። በመጀመሪያው መጽሐፉ፣ በሸለቆው መስመር የሚኖሩ ሕዝቦች ስለ ምድር መለወጥ የሚናገሩትን አፈ ታሪክ እንኳ ልብ ብሎ ጽፎ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ሰዎች ሲጽፍ ያን የባሪንጎውን ጥንቃቄ ተወው። ስለ አለት ሲናገር «የላይኛውን ከታችኛው ጋር አስተያይቼ አይቻለሁ» ይል ነበር፤ ስለ ሰው ሲናገር ግን የዘመኑን ገዢዎች አስተሳሰብ እንደ ማስረጃ ወሰደው።

አንዳንድ ሰዎች «የዘመኑ ሰው ነውና አይፈረድበትም» ይላሉ። በበኩሌ ይህን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ግሪጎሪ በጂኦሎጂ የዘመኑን ሐሳብ እንደወረደ አልተቀበለም፤ ሄዶ አየ እንጂ። አንድን ሰው በራሱ መለኪያ መመዘን ተገቢ ከሆነ፣ በዚህ መለኪያ የ1925 መጽሐፉ ይወድቃል። ነገር ግን በዚያ ምክንያት የባሪንጎው ማስረጃ አይወድቅም። አለቱ አሁንም እዚያው አለ፤ የሚፈልግ ሄዶ ሊያየው ይችላል። እውነትነቱ በግሪጎሪ ስም ላይ የቆመ አይደለምና።

ለመምህራን

ከዚህ ምዘና የማገኘው ዋና ነገር ይህ ነው። የግሪጎሪ መላ ምት ከፊሉ ተቀይሯል፤ ጠቅለል ያለው አባባሉ ተከፋፍሏል፤ ስለ ሰው የጻፈው ተጥሏል። የጸናው በጥንቃቄ ያየውና ያስተያየው ነው። እኛ ግን በክፍል ውስጥ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ድምዳሜውን እናስቀዳለን፤ ማስረጃውን እንተወዋለን። ተማሪው ትርጉሙን ይዞ ይወጣል፤ ነገ ትርጉሙ ቢለወጥ ግን በምን እንደሚመዝነው አያውቅም። በመንገድ ላይ ስንጥቅ ባየ ጊዜም፣ ከወሬ በቀር የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ስለዚህ ይህን ትምህርት ስናስተምር ሦስት ነገሮች እንድናደርግ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ትርጉሙን ከመስጠት በፊት ጥያቄውን እናንሣ፤ «ይህን ሸለቆ ወንዝ ቆርጦት ይሆን?» ብለን እንጠይቅና የሐይቆቹን ከፍታ ከካርታ ላይ ራሳቸው ያውጡ። ሁለተኛ፣ ከላይ የገለጽኋቸውን ሦስት እንጨቶች በእንጨት ሥራ ክፍል አሠርተን በገዛ እጃቸው ይሳቡ፣ ይግፉም። እንጨት ከጠፋ ከጭቃ የተሠራ ጡብም ይበቃል። ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤታችን የሚገኝበትን ምድር እንጠቀም። ናዝሬት፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ የሚያስተምር መምህር ማስረጃው በራፉ ላይ ነው፤ ደብረ ሲና ያለው ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ያሳያል። ጎጃም ያለው ደግሞ ዓባይን አሳይቶ ልዩነቱን ያስተምራል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢስትሊ ተመልሼ የዳቦውን ምሳሌ ለልጆቹ ነገርኋቸው። ቤቱ የቆመበትን የናይሮቢን ጥቁር ድንጋይ አንሥተንም የእሳተ ገሞራ አለት መሆኑን አየን። ያቺ ተማሪ አዳምጣ ስትጨርስ፣ «እንግዲያው እኛም ሄደን ብናየው እናውቀው ነበር ማለት ነው» አለችኝ። አዎ፣ እናውቀው ነበር። እኔ ሳልሄድ፣ ሳልጠይቅም ስንት ዓመት እንዳስተማርሁ ለእርሷ አልነገርኋትም፤ ለእናንተ ለሥራ ባልደረቦቼ ግን ነግሬአችኋለሁ።